ሁለቱ ጉልበቶች

የአማርኛ ቋንቋ «ጉልበት» የሚለውን ቃል ለሁለት ነገር ያውለዋል፤ በአንድ በኩል ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበትን፣ «ሎሚ» የተባለችው ክብ አጥንት የምትሸፍነውን መገጣጠሚያ ሲሰይምበት፣ በሌላ በኩል ሰው ሸክም የሚያነሣበትን፣ ማሳ የሚያርስበትንና ሩቅ መንገድ የሚዘልቅበትን ብርታት ይጠራበታል። መዝገበ ቃላት ሁለቱን ፍቺዎች በቁጥር ለይቶ ማስፈሩ ለአንባቢ የሚመች አሠራር ቢሆንም፣ ቃሉን መጀመሪያ ለሁለቱም የሰጠው ሰው ቁጥር ያስፈለገው አይመስልም፤ ምናልባትም ሩቅ መንገድ ተጉዞ ባደረ ማግስት ከበርጩማው ለመነሣት ሲሞክር፣ ብርታቱ ያለቀበትን ቦታ በእጁ ዳስሶ ያገኘ ሰው ነበር።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ሁለቱ ጉልበቶች የሚጣሉበትን አንድ አጋጣሚ ነው፤ ይኸውም ረጅሙን ትራያትሎን በቂ ልምምድ ሳያደርጉ መጨረስና ከዚያ በኋላ በሰውነት ላይ የሚደርሰው ነገር ነው። ትራያትሎን ማለት ዋናን፣ ብስክሌትንና ሩጫን በአንድ ቀን በማከታተል የሚደረግ ውድድር ሲሆን፣ ስሙም «ሦስት» እና «ውድድር» ከሚሉ ሁለት የግሪክ ቃላት የተሰፋ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 ሲድኒ ላይ ወደ ኦሎምፒክ ሲገባ የተወሰነለት ርቀት 1.5 ኪሎ ሜትር ዋና፣ 40 ኪሎ ሜትር ብስክሌትና 10 ኪሎ ሜትር ሩጫ ነበር፤ «አይረንማን» ማለትም የብረት ሰው የሚባለው ረጅሙ ዓይነት ግን 3.86 ኪሎ ሜትር ካስዋኘና 180 ኪሎ ሜትር ብስክሌት ካስነዳ በኋላ፣ ቀኑ ገና ያልመሸ እንደሆነ ብሎ ይመስላል፣ 42.195 ኪሎ ሜትር የሆነውን ሙሉ ማራቶን ይጨምርበታል። ከውኃ ወጥቶ ወደ ብስክሌት፣ ከብስክሌት ወርዶ ወደ ሩጫ የሚታለፍበት ጊዜ «ሽግግር» ይባላል፤ ሰዓቱ በሽግግርም ጊዜ ስለሚቆጥር፣ የግራ እግር ካልሲውን ያጣ ሰው ካልሲውን ሲፈልግ ያጠፋው ደቂቃ በውጤቱ ላይ ይታሰብበታል።

የረጅሙ ዓይነት መነሻ ክርክር ነው። በሀዋይ ኦዋሁ ደሴት በሯጮች፣ በዋናተኞችና በብስክሌተኞች መካከል «ከሁሉ ብርቱ ማን ነው» የሚል ጭቅጭቅ ሲነሣ፣ ጆን ኮሊንስ የተባለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን በደሴቲቱ የነበሩት ሦስት የተለያዩ ውድድሮች ተገጣጥመው በአንድ ቀን ይሠሩና ይለይላችሁ አለ፤ ጭቅጭቅን በሽምግልና መጨረስ በለመደ አገር ቢሆን ኖሮ ይህ ውድድር ባልተፈጠረም ነበር። እ.ኤ.አ. የካቲት 18 ቀን 1978 በተደረገው የመጀመሪያ ውድድር 15 ሰዎች ተነሥተው 12ቱ ሲጨርሱ፣ ጎርደን ሃለር በ11 ሰዓት ከ46 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ አንደኛ ወጣ። ሁለተኛ የወጣው ጆን ደንባር በማራቶኑ ላይ ረዳቶቹ ውኃ ስላለቀባቸው ቢራ እንዳጠጡት ተመዝግቧል፤ ይህ ግን ጠላ ለረጅም መንገድ ይበጃል ለሚሉ ወገኖች ማስረጃ ሆኖ ሊቀርብ አይገባም፤ ቢራውን ያልጠጣው ቀድሞታልና።

ርቀቱን ከሀዋይ ወደ ኢትዮጵያ አምጥቶ ለባሌ አንባቢ በሚገባው መስፈሪያ መስፈር ይቻላል። ከሮቤ እስከ ጎባ ያለው መንገድ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ የብስክሌቱ ክፍል ሮቤና ጎባን ስድስት ጊዜ ደርሶ ከመመለስ በላይ ነው፤ ማራቶኑ ደግሞ ከሮቤ ተነሥቶ ጎባ ደርሶ፣ ወደ ሮቤ ተመልሶ፣ እንደገና ጎባ ከመግባት ጋር እኩል ነው ለማለት ይቻላል። እንዲህ ያለ ውድድር በባሌ ደጋ ቢዘረጋ መነሻው ሮቤ፣ መድረሻው ጎባ መሆኑ ከሁለት አንጻር ይመረጣል፤ አንደኛ ሮቤ ሜዳ ላይ በስንዴና በገብስ ማሳ መካከል የተዘረጋች ከተማ ስለሆነች ሰው ሁሉ በደስታ ይነሣባታል፤ ሁለተኛ በመዳ ወላቡ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚተዳደረው ሪፈራል ሆስፒታል የሚገኘው ጎባ ነው።

የሚያስቸግረው ውኃው ነው። የባሌ ደጋ ለአያሌ ወንዞች መነሻ ቢሆንም፣ ወንዞቹ ለመዋኘት ሳይሆን ለመሻገር የተፈጠሩ ናቸው። የጋርባ ጉራቻ ሐይቅ፣ ስሙ በኦሮምኛ ጥቁር ባሕር ማለት የሆነው፣ ወደ 3950 ሜትር ከፍታ ላይ የበረዶ ግግር ቆፍሮት የሄደ ጉድጓድ ውስጥ ተኝቶ ይገኛል፤ ቅዝቃዜውን ለማወቅ መግባት አያስፈልግም፣ ጫፉ ላይ ቆሞ ማየት ይበቃል። ወይብ ወንዝ ደግሞ ከደጋው ወርዶ በሶፍ ዑመር ዋሻ ሆድ ውስጥ ገብቶ በጨለማ አልፎ ይወጣል፤ በባሌ ምድር ረጅም ዋና ያለ ልምምድ የፈጸመ አለ ከተባለ እርሱ ራሱ ወንዙ ነው። በደጋ ያደገ ሰው ዋና አለማወቁ የሚያሳፍረው ነገር የለም። እ.ኤ.አ. በ2016 በሪዮ ኦሎምፒክ ላይ ኢትዮጵያዊው ሮቤል ኪሮስ 100 ሜትር ዋኝቶ በ1 ደቂቃ ከ4.95 ሰከንድ 59ኛ ሲወጣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ሰው ሳቀበት፤ ከሳቂዎቹ መካከል ያንኑ 100 ሜትር በዚያው ሰዓት የሚጨርስ ስንት እንደሆነ ግን የጠየቀ አልነበረም። አንባቢው ርቀቱን 38 ጊዜ ከግማሽ ያህል ደጋግሞ ቢያስበው የብረት ሰው ዋናን ያገኘዋል፤ ከዚያ በኋላ ሳቁ ይመለስ እንደሆነ ራሱን ይመርምር።

እንግዲህ አንድ የባሌ ሰው ይህን ሁሉ ሰምቶ ያለ ልምምድ ለመመዝገብ የሚያበቃው ድፍረት ከየት ይመጣል ቢባል፣ መልሱ ከከፍታው ነው። ሮቤ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2500 ሜትር ገደማ፣ ጎባ ደግሞ ከ2700 ሜትር በላይ ላይ ተቀምጠዋል። እ.ኤ.አ. በ1968 የሜክሲኮ ከተማ ኦሎምፒክ ሲዘጋጅ የዓለም ሐኪሞችና አሠልጣኞች በ2240 ሜትር ላይ ሰው ሮጦ ይሞታል ወይስ ይተርፋል እያሉ ሲጨነቁ፣ ማሞ ወልዴ ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ከ26 ሰከንድ አሸንፎ ገባ፤ የሮቤ ገበያተኛ ግን በየሳምንቱ ሐሙስ ከዚያ በላይ ከፍ ባለ ምድር ላይ እህሉን ተሸክሞ ይውላል፣ ስለ አየሩም የጻፈለት የለም። ወደ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድም በዶዶላና በአሳሳ አልፎ በቆጂን ይነካል፤ በቆጂ ደግሞ የእነ ደራርቱ ቱሉ፣ የእነ ቀነኒሳ በቀለና የእነ ጥሩነሽ ዲባባ አገር ናት። በአውቶቡስ መስኮት በቆጂን ያየ የባሌ ሰው ሁሉ ሩጫ በደሙ እንዳለ ቢያስብ አይፈረድበትም።

ሳይንሱም በከፊል ይደግፈዋል። ከፍ ባለ ቦታ የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ያንሳል፤ 4377 ሜትር በሚሆነው በባሌው በቱሉ ዲምቱ ተራራ ጫፍ ላይ ግፊቱ ከባሕር ዳርቻው ስድሳ በመቶ ያህል ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ ጥናት ተመራማሪዎች የሰሜን ተራሮች አማሮችንና የባሌ ደጋ ኦሮሞዎችን ሲያነጻጽሩ፣ ሁለቱም ከፍታውን በየራሳቸው መንገድ እንደለመዱትና የባሌዎቹ ደም ኦክስጅን ተሸካሚ በሆነው በሄሞግሎቢን ከቆላ ዘመዶቻቸው ደም የበለጸገ መሆኑን አግኝተዋል። በባሌ ተራሮች ባለው በፊንጫ ሀበራ ዋሻ የተደረገውና እ.ኤ.አ. በ2019 ይፋ የሆነው ቁፋሮ ደግሞ ሰው ከ3400 ሜትር በላይ በሆነው በዚያ ቦታ ከ47 ሺህ እስከ 31 ሺህ ዓመት በፊት ባለው ዘመን ይኖር እንደነበርና በአብዛኛው የሚመገበውም ግዙፉን ፍልፈል እንደነበር አሳይቷል። እነዚህ ጥናቶች የደጋ ሰው ሳንባና ደም ምን እንደሚችሉ የሚናገሩ ናቸው፤ ስለ ጉልበቱ ሎሚ ግን አንዳቸውም አንድ መስመር አልጻፉም። ስሕተቱ የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው፤ ከፍታ ትንፋሽ ይሰጣል እንጂ እግር አይሰጥም፣ በከፍታ ላይ መወለድም ከመሠልጠን አይቆጠርም።

በዚህ ላይ የባሌ ደጋ በጥንት ልማዱ የሯጭ አገር ሳይሆን የፈረሰኛ አገር መሆኑ ሊረሳ አይገባም። ጋቢውን ተከናንቦ፣ ኮርቻውን አሸብርቆ በሜዳው የሚያልፈው ሰው ሩቅ ይሄዳል፣ ዳገቱንም ይወጣል፤ ሆኖም በዚህ ሁሉ መንገድ የሠለጠነው ፈረሱ ነው።

ያልሠለጠነው ተወዳዳሪ፣ ከዚህ በኋላ በአጭሩ «ተወዳዳሪው» የሚባለው፣ በአብዛኛው የቢሮ ሰው ነው። ውድድሩን ከስድስት ወር በፊት ይሰማዋል፣ በማግሥቱ ጠዋት ለመጀመር ይወስናል፣ ጠዋቱ ግን የባሌ ጠዋት ነው፤ ውርጩ ሣሩን አንጥፎ በነጭ በሸፈነበት ሰዓት ከብርድ ልብስ መውጣት ፍልፈል እንኳ የማያደርገው ነገር ስለሆነ፣ ነገሩ ወደ ሰኞ ይተላለፋል። ሰኞዎቹ ሲያልቁ «ሰርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለው ይደርስና፣ ተወዳዳሪው በመጨረሻዎቹ አሥር ቀናት ከጎረቤት ብስክሌት ይዋሳል፣ ሁለት ጊዜ ጎባ ደርሶ ይመለሳል፣ ዋናውን በሐሳቡ ያጠናል፣ ጭኮ ያስቆላል። ጭኮ በተቆላ ገብስ ዱቄትና በንጥር ቅቤ የሚሠራ የኦሮሞ ስንቅ ሲሆን፣ ከዝግጅቱ ሁሉ እንከን የማይወጣለት ይህ ክፍል ብቻ ነው።

ስለ ውድድሩ ቀን ብዙ ማለት አያስፈልግም፤ ተወዳዳሪው ራሱም ከቀኑ የሚያስታውሰው ጥቂት ነው። በውኃው ውስጥ ክንዱ ሳይሆን ድፍረቱ ይዋኛል፤ በብስክሌቱ ላይ ደግሞ በሰፊ የፈረስ ኮርቻ ያደገው መቀመጫ፣ የሰው ልጅ አጥንት እንዳለው ባልተነገረው ሰው የተሠራ የሚመስል ቀጭን ኮርቻ ያጋጥመዋል፤ ከሦስተኛው የጎባ ምልልስ በኋላ ጭኑ ከኮርቻው ጋር የሚፋተግበት ቦታ ይላጣል፣ ቫዝሊን ሳይቀባ መምጣቱም ትዝ የሚለው ያን ጊዜ ነው። በሩጫው ላይ ሯጮች «ግድግዳ» የሚሉት ይመጣል። ሰውነት ለሥራ የሚያነደውን ስኳር በጡንቻና በጉበት ውስጥ ግላይኮጅን በሚባል መልክ ያከማቻል፤ ክምችቱ ሁለት ሺህ ኪሎ ካሎሪ ገደማ ስለሆነ ለማራቶን መጨረሻ አይደርስም፣ ከዚያ በኋላ የሚቀረው ስብ ነው። ግላይኮጅን እንደ ጎተራ እህል፣ ስብ ደግሞ በግጦሽ ላይ እንዳለ ሰንጋ ሊታይ ይችላል፤ ሰንጋው ብዙ ምግብ ቢሆንም እንግዳው በር ላይ ቆሞ እያለ ተነድቶ፣ ታርዶና ተበልቶ አይደርስም። ልምምድ ማለት ሰውነትን ገና ጎተራው ሳይጎድል ከሰንጋውም እየቆረጠ እንዲጠቀም ማስተማር ነው። ያልተማረው ሰውነት ጎተራውን እስከ ወለሉ ይጠርግና 30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ሲደርስ በሜዳ መካከል ይቆማል፤ «እግሬ አውጪኝ» ቢባልም እግር አትሰማም።

ይሁን እንጂ የኋለኛው መከራ የሚዘራው በድካሙ ሰዓት ሳይሆን በደስታው ሰዓት ነው። ከላይ በተነደፈው የማራቶን መንገድ ሁለተኛው ዙር ከጎባ ወደ ሮቤ የሚወስደው ነው፤ ይህ ዙር 250 ሜትር ያህል ስለሚያወርድ ተወዳዳሪው ትንፋሹ ይመለሳል፣ እርምጃው ይረዝማል፣ ልምምድ የሚባለው ነገር የፈሪዎች ወሬ እንደሆነ ይታየዋል። እግሩ ግን በዚህ ሰዓት የሚሠራው ከዳገቱ የተለየ ሥራ ነው። በዳገት ላይ የጭን ፊት ጡንቻ እያጠረ ሰውነትን ወደ ላይ ይገፋል፤ በቁልቁለት ላይ ግን ያው ጡንቻ እየተለጠጠ ሰውነቱ እንዳይወድቅ ይይዛል፣ በሌላ አነጋገር ፍሬን ይሆናል። ፍሬን የመሆን ሥራ ብዙ ነዳጅ አይበላም፤ እ.ኤ.አ. በ1952 እንግሊዛውያን የፊዚዮሎጂ፣ ማለትም የሰውነት አሠራር፣ ተመራማሪዎች ሁለት ብስክሌቶችን ጀርባ ለጀርባ አቁመው በአንድ ሰንሰለት ካያያዙ በኋላ፣ አንዱን ሰው ወደ ፊት ፔዳል እንዲመታ፣ ሌላውን ደግሞ ወደ ኋላ የሚዞረውን ፔዳል እየተቃወመ እንዲይዝ አደረጉ፤ በለንደን ሮያል ሶሳይቲ በታየው በዚህ ትርኢት አንዲት ቀጭን ሴት በመቃወም ብቻ፣ ብዙም ሳትደክም፣ ግዙፉን ወንድ በላብ አጥባ አስቆመችው። ታዳሚዎቹ እንደ ሳቁ ይነገራል። ትርኢቱ ያላሳየው፣ በኋላ ግን በሚገባ የታወቀው፣ ርካሹ ሥራ ከውዱ ይልቅ ጡንቻን የሚጎዳ መሆኑ ነው፤ እየተለጠጠ በሚጎትት ጡንቻ ውስጥ ያሉት ደቃቅ ክሮች ባልለመዱት ጫና እዚህም እዚያም ይበጠሳሉ፣ ከዚያም ሰውነት ለጥገና ሲነሣ ቦታው ያብጣል፣ ነርቮቹም ለወትሮው በማያምማቸው ነገር ይታመማሉ። ተወዳዳሪው ከጎባ ሲወርድ ያልከፈለው ሒሳብ በዱቤ ተጽፏል ማለት ነው።

ዱቤው የሚጠየቀው በማግሥቱ እንኳ አይደለም። አሜሪካዊው ቴዎዶር ሃፍ እ.ኤ.አ. በ1902 እንደገለጸው ይህ ሕመም ዘግይቶ የሚመጣ ሲሆን፣ ከ24 ሰዓት በኋላ እያየለ ሄዶ እስከ 72 ሰዓት ድረስ ባለው ጊዜ ጫፍ ላይ ይደርሳል። ብዙ ሰው ጥፋቱን በላክቲክ አሲድ ላይ ያላክካል፤ ይህ አሲድ ጡንቻ በኃይል ሲሠራ የሚወጣ ሲሆን ከሥራው በኋላ በአንድ ሰዓት ጊዜ ገደማ ከደም ስለሚጠራ፣ በሦስተኛው ቀን እርሱን መውቀስ ዓርብ የሄደውን እንግዳ ሰኞ ለጎደለ እንጀራ እንደ መክሰስ ነው። የመዘግየቱ ተንኮል ደግሞ ሌላ ነው። ተወዳዳሪው በውድድሩ ማታ ደህና ስለሚሆን ለዘመድ ሁሉ ስልክ ይደውላል፣ ምንም እንዳልተሰማው ይናገራል፣ በሚቀጥለው ዓመት የሚያሻሽለውን ሰዓት ይገምታል፤ የተናገረውን ሁሉ ሰው ከሰማ በኋላ ሕመሙ ይደርሳል።

በዚህ ጊዜ የኢትዮጵያ ኑሮ ስንት ጊዜ ጉልበት ማጠፍ እንደሚጠይቅ ይታወቃል። ከፍ ባለ ወንበር ላይ የሚበላ፣ ከፍ ባለ ወንበር ላይ የሚጸዳዳ ሕዝብ ይህን ሕመም በግማሹ ነው የሚያውቀው። የባሌው ተወዳዳሪ ጠዋት ከአልጋው የሚወርደው እንደ ጭነት በጎን እየተንሸራተተ ነው፤ ከዚያ ቀጥሎ ስለሚመጣው፣ ከመሬት እኩል ስለሆነው መጸዳጃ ቤት፣ አንድ ምሁራዊ ጽሑፍ ሊናገር የሚገባው ግድግዳው ላይ መያዣ አለመኖሩን ብቻ ነው። ባጃጅ ውስጥ ለመግባት ጎንበስ ማለት ያስፈልጋል፣ ጎንበስ ለማለት ደግሞ ጭን ያስፈልጋል፤ ሾፌሩም ተሳፋሪው ዋጋ ሊከራከር የቆመ መስሎት ሳይጠየቅ ይቀንስለታል። የመሥሪያ ቤቱን ደረጃ ሲወጣ ባልደረቦቹ ጀግናችን መጣ ይላሉ፤ ሲወርድ ግን ፊቱን ወደ ደረጃው አዙሮ፣ እጁን በመደገፊያው ላይ አድርጎ፣ የኋሊት እንደ መሰላል ስለሚወርድ፣ ለባለጉዳዮች ምክንያቱን ማስረዳት የዘበኛው ሥራ ይሆናል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን የቡና ሰዓት ነው። በርጩማ ከመሬት አንድ ክንድ እንኳ የማይርቅ መቀመጫ ስለሆነ፣ ተወዳዳሪው ወደ እርሱ የሚወርደው የመጨረሻውን ስንዝር በመውደቅ ነው፤ የረከቦቱ ሲኒዎች ሲንኳኩ ቤተኛው ሁሉ ዞሮ ያየዋል። ገና ተመቻችቶ ሳይቀመጥ አንድ ሽማግሌ ይገባሉ። በአገሩ ሥርዓት ትልቅ ሰው ሲገባ ተቀማጩ «ኖር» ብሎ ብድግ ይላል፣ ገቢውም «በእግዜር» ብሎ ያስቀምጠዋል፤ ተወዳዳሪውም «ኖር» የሚለውን ቃል በጊዜው ያወጣዋል፣ ሰውነቱ ግን ከቃሉ ጋር አብሮ አይወጣም። ሁለት እጆቹን በጉልበቶቹ ላይ አድርጎ፣ ግማሽ መንገድ ተነሥቶ፣ እዚያው ቆሞ ሳለ ሽማግሌው ተቀምጠው አቦሉን ጠጥተው ይጨርሳሉ። ቶና ሲቀዳ እርሱ ቀጥ ብሎ ይቆማል፤ «በእግዜር ልጄ፣ ተቀመጥ» ይባላል፤ እንደገና መውረድ ይጀምራል።

ሃይማኖትም ጉልበትን የሚምር አይመስልም ነበር፤ ሆኖም ሁለቱም ቤተ እምነቶች ከውድድሩ አዘጋጆች የተሻለ አስበውበታል። በመስጊድ ቆሞ መስገድ ያቃተው ሕመምተኛ ተቀምጦ እንዲሰግድ የተፈቀደ ነው፤ በቤተ ክርስቲያንም ረጅሙን ቅዳሴ በመቋሚያ ተደግፎ መቆም የቆየ ሥርዓት ነው። ተወዳዳሪው የየትኛውም እምነት ቢሆን በዚያ ሳምንት ከመቼውም ይልቅ የአምላኩን ስም ይጠራል፤ በተለይ ደረጃ ባለበት ቦታ።

ለሕክምና ወጌሻ ይጠራል። ወጌሻ የተሰበረ የሚጠግን፣ የወለቀ የሚመልስ የአገር ባለሙያ ሲሆን፣ ስሙ ወደ እግር ኳስ ሜዳም ገብቶ ቡድኖች ተጫዋች የሚያሸውን ባለሙያ እስከ ዛሬ በዚሁ ስም ይጠሩታል። ቅቤ ተቀብቶ መታሸት ሕመሙን በመጠኑ እንደሚያስታግስ የታወቀ ነው፤ ችግሩ ወጌሻው ጡንቻው የሸሸ መስሎት ሊያባርረው ከተነሣ ነው። በሩጫው የጠቆረው የእግር አውራ ጣት ጥፍር ደግሞ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጭ ከሥሩ ደም የቋጠረ ስለሆነ በራሱ ጊዜ ይወድቃል፤ አዲሱ እስኪያድግ ወራት ስለሚፈጅ፣ የውድድሩ መታሰቢያ ከሜዳሊያው ይልቅ እርሱ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ቀልድ የማይገባበት አንድ ነገር አለ፤ ሽንት እንደ ኮካ ኮላ ከጠቆረ የተጎዳው ጡንቻ ይዘት ወደ ደም ፈስሶ ኩላሊትን እያስጨነቀ ስለሚሆን፣ ያን ጊዜ ቅቤም ወጌሻም ቀርቶ በቀጥታ ሆስፒታል መሄድ ይገባል። ውኃ ባነሰው ሰውነት ላይ የሕመም ማስታገሻ ክኒን እንደ ቆሎ መቃምም ያንኑ ኩላሊት ይጎዳል።

ከሰውነቱ ሕመም ጋር የሚመጣ ሌላ ሕመም አለ፤ እርሱም «ስንተኛ ወጣህ?» የሚለው ጥያቄ ነው። ሌላው ዓለም ረጅም ውድድር መጨረስን በራሱ እንደ ድል ስለሚቆጥር የደረሰ ሁሉ ሜዳሊያ ይጠለቅለታል፤ በሀዋይ የብረት ሰው ለመባል በ17 ሰዓት ውስጥ መድረስ ይበቃል። ኢትዮጵያ ግን አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ አሸንፎ፣ ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ደግሞ ትርፍ አንጀቱን በቀዶ ሕክምና ካስወጣ ስድስት ሳምንት እንኳ በቅጡ ሳይሞላው ደግሞ ካሸነፈ በኋላ፣ ሌሎቹ እስኪደርሱ በሜዳው ሣር ላይ ሰውነቱን ሲያፍታታ ያየች አገር ናት፤ በእንዲህ ያለ አገር 212ኛ መውጣትን ማስረዳት ከመሮጡ ይብሳል። እ.ኤ.አ. በ2001 የተጀመረው ታላቁ ሩጫ በኢትዮጵያ በአሥር ኪሎ ሜትሩ ላይ ለደስታ መሮጥን ብዙ ሰው ቢያስለምድም፣ ጥያቄው አልጠፋም። በሜክሲኮው ማራቶን ማሞ ካሸነፈ ከአንድ ሰዓት በላይ ቆይቶ፣ ወድቆ የተጎዳ እግሩን አሳስሮ፣ በመብራት የገባው ታንዛኒያዊው ጆን ስቲቨን አክዋሪ በዓለም ዙሪያ እስከ ዛሬ ይወሳል፤ በኢትዮጵያ የሚወሳው ግን ማሞ ነው፤ በዚህ የሚገረም ሰው አገሩን አያውቅም።

ቋንቋውም አይረዳም። በሜዳሊያው ላይ የተጻፈውን «ፊኒሸር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል በአማርኛ «ጨራሽ» ብሎ መተርጎም ይቻላል፤ ነገር ግን ጨራሽ ሲባል አማርኛ ተናጋሪ የሚያስበው ከሞሰቡ ላይ የመጨረሻዋን ቁራሽ ያነሣውን ሰው ነው። ነገሩን በትክክል ለመናገር ተወዳዳሪው ውድድሩን ጨርሷል፣ ውድድሩም እርሱን ጨርሶታል፤ ከሁለቱ የትኛው ቀድሞ እንደ ጨረሰ በ30ኛው ኪሎ ሜትር ላይ የነበሩ ውኃ አዳዮች ብቻ ሊመሰክሩ ይችላሉ።

በስድስተኛው ወይም በሰባተኛው ቀን ሕመሙ ይለቃል። በዚህ ላይ ጥናት ያረጋገጠው አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፤ በእንዲህ ያለ ሥራ አንድ ጊዜ የተጎዳ ጡንቻ ሲጠገን ከቀድሞው ይልቅ ቁልቁለትን የሚችል ሆኖ ይጠገናል፣ ይህም ጥበቃ ለበርካታ ሳምንታት ይቆያል። ስለዚህ ተወዳዳሪው ከጎባ ወደ ሮቤ ለመውረድ በሚገባ የተዘጋጀው፣ ሁለተኛ አልሮጥም ብሎ በማለ በሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው። ደረጃውን ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ይወርዳል፣ ባጃጅ ውስጥ በአንድ ጊዜ ይገባል፣ «ኖር» ሲልም ከቃሉ ጋር ይነሣል። ውድድር ግን የለም፣ ብስክሌቱም ለጎረቤቱ ተመልሷል። ጎረቤቱ ብስክሌቱን ሲረከብ ኮርቻውን በመዳፉ እየዳበሰ፣ ለከርሞ እርሱም የመመዝገብ ሐሳብ እንዳለው ይገልጽና ከምን መጀመር እንደሚሻል ይጠይቃል፤ ተወዳዳሪው ጥቂት ካሰበ በኋላ፣ አስቀድሞ አናጢ ዘንድ ሄዶ የቤቱን በርጩማዎች እግር እንዲያስረዝም ይመክረዋል።